ከዝናብ አገር የተላኩ የደረቅ አገር መጻሕፍት

መቱ፤ ግንቦት ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

እጇ የነካው ሁሉ ለሚጸድቅላት፤ ደረቅ በትር ብትተክል ቅጠል ለሚያወጣላት፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ችግኝ ሊለምን፣ ምክር ሊጠይቅ ደጇን ሲጠና ለኖረላት፤ በቃሏ ጽኑ፣ በዝምታዋ አስፈሪ፣ በሳቋ ቤት ሙሉ ለሆነችው፤ ለጎልማሳነቴ ጌጥ፣ ለሽምግልናዬም ምርኩዝ አድርጎ እግዚአብሔር ለሰጠኝ ለባለቤቴ ለወይዘሮ ሸዋርካብሽ፤ በልጃችን በዳናዊት ቤት፤ ድሬዳዋ።

ይህን ደብዳቤ ሱፊያን ከሦስት መጻሕፍት ጋር በአንድ ካርቶን አድርጎ ያደርስልሻል። መጻሕፍቱ ስለ ምን እንደ ሆኑ፣ እንዴት እንዳገኘኋቸው፣ ከእያንዳንዱም የሚታመነውና የማይታመነው የትኛው እንደ ሆነ ከዚህ በታች በዝርዝር ጽፌልሻለሁና ከመጻሕፍቱ በፊት ደብዳቤው ይነበብ።

ስልክ እያለ ብዕር ማንሣቴ ሳያስቅሽ አይቀርም። ነገር ግን፣ ሸዋዬ፣ ሳሉ ከለቀቀሽ ወዲህ ድምፅሽ የልጃገረድ ድምፅ ሆኗል፤ የሚያሳዝነኝ ያ የጠራ ድምፅ ወደ እኔ ሲደርስ ቍጣ ብቻ ሆኖ መምጣቱ ነው። «ዝናቡ እንዴት ነው?» ትይኛለሽ፤ «ደኅና ነው» እልሻለሁ፤ «ግቢዬስ?» ትይኛለሽ፤ እኔ ቃል ስመርጥ አንቺ «አሁንም መጽሐፍህ ላይ ነህ!» ብለሽ ስልኩን ለዳናዊት ታቀብያታለሽ፤ እርስዋም «አባባ፣ ኔትወርኩ አስቸገረን» ትለኛለች፤ እኔም ልጄን እንዳመንኋት ሆኜ እዘጋለሁ። በወረቀት ላይ ግን አንቺም ልታቋርጪኝ፣ ኔትወርኩም ሊያስቸግረን አይችልም።

ሱፊያን ባለፈው ሐሙስ ከድሬዳዋ ዕቃ ጭኖ እንደ ተመለሰ፣ ሱቁን እንኳ ሳይከፍት፣ የጉዞውን አቧራ ሳያራግፍ ወደ እኔ መጣ። አባቱ ከስልጤ መጥቶ ማዕዘኑ ላይ ጨው ሲነግድ ልጁን ፊደል ያስቈጠርሁት እኔ ነኝና ዛሬ እርሱ ራሱ የልጆች አባት ሆኖ ሳለ በፊቴ ሲቆም አሁንም የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ይመስላል።

«ጋሼ፣ እስኪ ቍጭ ይበሉ» አለኝ።

«ምነው? አመማት?»

«ኧረ በጣም ደኅና ናቸው! እንዲያውም ወፈር ብለዋል። ሎሚ ሊገዙ አብረን ወጥተን ከሻጩ ጋር የተጣሉትን ጥል ገበያው እስካሁን ያወራዋል።»

«ታዲያ ስለ ምን ልቀመጥ?»

«መልእክቱ ቆመው የሚሰሙት አይደለማ።»

ተቀመጥሁ። እርሱም ነጠላ እንደሚያጣፋ ሰው እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ያንቺን ድምፅ አውጥቶ፣ ያንቺን ዐይን ዐይኑ ላይ አድርጎ ነገረኝ፦ «በለው፤ ይህ አገር ቅጠል ነፈገኝ። ጎደሬው ነደደ፤ ኮረሪማው ነደደ፤ ጤና አዳሙ እንኳ ቆሞ ተጠበሰ። እኔ ሸዋርካብሽ አንድ ችግኝ ማጽደቅ አቅቶኝ፣ የሰው ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ስቈጥር አልኖርም። ለሰኔ ሚካኤል መቱ እገባለሁ። ብሞትም በግቢዬ፣ በትርንጎዬ ሥር ልሙት።»

ይህን ጨርሶ ተመልሶ ሱፊያን ሲሆን ዐይኑን ወደ አጥራችን ወረወረ፤ ከአጥሩም ወደ መሬት መለሰው። «እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ፤ «መልእክቱን ብቻ ይዤ መምጣት ፈርቼ አዲስ አበባ ላይ ከመጽሐፍ አዟሪዎች ይህን ገዛሁልዎ» ብሎ ሁለት እጅ የሚፈልግ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

ሐኪሙ ያለሽን አንቺ ብትረሺው እኔ አልረሳሁትም። «እማማ፣ ሳንባዎ ከእንግዲህ የመቱን እርጥበት አይሸከምም። ሞቃትና ደረቅ አገር ይሂዱ። አንድ ክረምት እዚህ ቢደግሙ ግን መድኃኒት ብለው ወደ እኔ አይምጡ፤ የለኝም» ነበር ያለሽ፤ አንቺም «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ብለሽ ከሐኪም ቤቱ ስትወጪ ደረጃው ላይ ሳል ይዞሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቆመሽ፣ እኔ መሐረቡን ከእጅሽ ስቀበል ያየሁትን ቀይ ነጠብጣብ አንቺም አይተሻል። የሰኔ ሚካኤል ደግሞ የክረምቱ በር ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ከሚያዝያ ጀምሮ ልብስ የሚያደርቅ ቀን አልሰጠንም፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ይሆናል፤ የመጻሕፍቴ ጀርባ እንደ ሽማግሌ አገጭ ነጭ ጢም አብቅሏል፤ እኔም ጥዋት ጥዋት በጨርቅ እላጫቸዋለሁ። ወረቀትን እንዲህ ያደረገ አየር ያንቺን ሳንባ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ስጀምር ጨርቁ ከእጄ ይወድቃል።

አውቶቡሱ ላይ ስትወጪ የተናገርሽኝ ቃል ሁለት ነበር። «አንተ ከወረቀቶችህ ጋር ቅር» አልሽኝ፤ ቀጥለሽም ከመስኮቱ ዘንበል ብለሽ «ግቢዬን ብቻ ጠብቅልኝ» አልሽኝ። የፊተኛውን እንደ ስድብ፣ የኋለኛውን እንደ ትእዛዝ ተቀበልሁ። ወልደ የሱስ ከመጻሕፍቱ መለየት አቅቶት ቀረ ብሎ ያላማኝ የለም፤ እኔም አላስተባበልሁም፤ ነገር ግን በዚህ በርጥብ አገር፣ በዚህ በባዶ ቤት፣ ያለ አንቺ ምን እንዳስቀመጠኝ አንቺው ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ድሬዳዋ አንድ ቅጠል ከሰጠችሽ ትቀመጫለሽ፤ ካልሰጠችሽ ትመጫለሽ፤ ከመጣሽ ደግሞ ሐኪሙ ያለው ይደርሳል። ዶማ ጨብጦ የማያውቅ የእኔ ዓይነቱ ሰው በዚህ ምን ይረዳል? የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነውና እርሱን ለማድረግ ተነሣሁ፤ መጽሐፍ ፍለጋ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሁሩሙ ሄድሁ። ኪቲላን አትረሺውም፤ የግብርና ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ የወጣው፣ ለዳናዊት ሠርግ ማር የላከልን ሰው ነው። ከበረንዳው ላይ እንዳየኝ ተነሣ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ! በዚህ ዝናብ ምን አወጣዎት?»

«ስለ ሞቃትና ደረቅ አገር የአትክልት አያያዝ የሚናገር መጽሐፍ ፍለጋ ነው።»

ኪቲላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ከጣሪያው እንደ ገመድ የሚወርደውን ውሃ፣ ቀጥሎ ጭቃ የዋጠውን ጫማዬን ተመለከተ። «ጋሼ፣ ይህስ ኩሬ ውስጥ ቆሞ ስለ ውሃ ጥም መጠየቅ ነው» አለ። ነገሩ ግን እንዳሰብሁት ሆነ፤ በወጣትነቱ በአዋሽ ቆላ ተመድቦ ሠርቶ ነበርና ከማር ቆርቆሮዎቹ ኋላ ገብቶ በማባዣ የታተመ፣ ዳሩን አይጥ የቀመሰው መጽሐፍ ይዞ ወጣ። ከመስጠቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እትዬ ሸዋርካብሽ መደቡን እንዴት አድርገው ነው የሠሩት?»

እኔም በኩራት፣ አንቺ በስልክ የነገርሽኝን ሳላጓድል፣ «እንደ ቤትዋ ነዋ!» አልሁት፤ «አፈሩን እስከ ጕልበት ከፍ አድርጋ፣ ዙሪያውን ቦይ አስቆፍራ፣ ቦዩንም በአጥሩ ሥር ወደ መንገድ አውጥታ።»

«ቦይ?»

«ቦይ።»

«ድሬዳዋ ላይ?»

«ድሬዳዋ ላይ።»

«ታዲያ ውሃውን ወዴት ሊሸኙት ነው? ጅቡቲ?»

የበረንዳውን ምሰሶ ይዞ ሳቀ። እኔ ተቈጣሁ፤ በሰው ቤት ድምፄን ከፍ አድርጌ «የኢሉባቦር ሰው ቦይ ሳይቆፍር ምን ተክሎ ያውቃል? አንተ ራስህ ግቢህን በቦይ አልከበብህም?» አልሁት። ኪቲላ ሳቁን ገታና እንባውን ጠረገ። «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። እኔም ቆላ የወረድሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ ቦይ ማስቆፈር ነበር። የዚያ አገር ሰዎች ዙሪያዬን ቆመው አዩኝ፤ የአእምሮ ሕመምተኛ መስያቸው ዳቦ ሰጡኝ። ዕድሜ ልካችንን ከውሃ ጋር ስንጣላ ኖረን፣ ውሃ የሌለበት አገር ስንሄድም ጥሉን እንቀጥላለን።»

ይህን ቃል ሚኒባሱ ውስጥ ይዤው ተመለስሁ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

እንግዲህ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው፤ ስሙ «የቆላ ጓሮ» ይባላል። አጻጻፉ እንደ ቆላው ደረቅ ነው፤ አንድም ጊዜ «ያማረ» የሚል ቃል አይወጣውም፤ ነገር ግን ሐሰት የለበትም። አንቺ ከፍ ያደረግሽውን መደብ ዝቅ አድርጊው ይላል፤ ከመሬቱ በታች ስንዝር ያህል ጎድጕዶ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ፣ እንደ ሳሕን የወረደበትን ጠብታ ሁሉ ይዞ የሚያስቀር መደብ ነው ለደረቅ አገር የሚሆነው። ቦዩን ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ውስጥ አዙሪው፤ ዳናዊት ልብስ ያጠበችበት የመጨረሻው ውሃ እንኳ በአጥር ሥር መውጣት የለበትም። አፈሩን ገላውን አታሳዪው፤ በገለባ፣ በደረቅ ሣር፣ በወደቀ ቅጠል አልብሺው። ውሃ በየሰዓቱ ጠብ ጠብ ማድረግ ሥሩን ወደ ላይ ጠርቶ ለፀሐይ መስጠት ነውና ፀሐይ ስትቀዘቅዝ፣ አልፎ አልፎ፣ ጠልቆ እስኪገባ አጠጪ። ከዕፅዋቱም ጎደሬና ኮረሪማ ለዚያ አገር አይሆኑም፤ የጫካ ጥላና ጭጋግ የለመዱትን በፀሐይ ላይ ማቆም በእነርሱ መፍረድ ነው ይላል፤ ሮማን፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣ፣ ፓፓያ፣ ሽፈራው፣ ሎሚና የሎሚ ዘመዶች ሁሉ ግን ይሆናሉ። «የሎሚ ዘመዶች» የሚለውን በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ምክንያቱን ኋላ ትደርሺበታለሽ።

ሁለተኛው ሱፊያን የገዛው ነው። ከባሕር ማዶ ቋንቋ የተተረጐመ፣ ሥዕሉ ዐይን የሚማርክ፣ የምድረ በዳ አገሮችን የአትክልት ቦታዎች እየዞረ የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ ነው። በቀለም ያበዱ አበቦች፣ ነጫጭ ግድግዳዎች፣ ጠብታ በጠብታ የሚያጠጡ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉበት፤ ሰው ግን በአንዱም ሥዕል ላይ የለም፤ ዶማ የያዘም፣ ባልዲ የተሸከመም አይታይም። ውሃ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው እንደ ጻፈው ከመግቢያው ይታወቃል፤ ተርጓሚውም «አትክልትዎን ያናግሩ፤ ያናግርዎታል» እያለ አድክሞኛል። አንቺ ከአትክልት ጋር ስትነጋገሪ የኖርሽ ሰው ነሽና ይህን ምክር ከእርሱ አትፈልጊም። እንደ መጽሐፍ አንብቢው ብዬ አልመክርሽም፤ እንደ ሥዕል ግን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥሽ ይቈይሻል። ከመላው መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ብቻ አድኛለሁ። አንደኛው ስለ ጥላ ነው፤ ከግድግዳ በስተ ምሥራቅ የተተከለ ተክል የጥዋቷን ለስላሳ ፀሐይ ያገኛል፣ የከሰዓት በኋላዋን እሳት ግን ግድግዳው ይመልስለታል ይላል፤ ይህን እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ በሐሳቤ መርምሬው እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ቆርጦ በቆርቆሮ ውስጥ ሥር ስለ ማስያዝ ነው፤ ያንን ምዕራፍ ያለ ወትሮዬ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ትናንት በኡካ ነው። በግብርና ሥራ ላይ ያለች ዱሬቲ የምትባል ሴት እንዳለች ኪቲላ ነግሮኝ ሄድሁ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ በንግግሯ መካከል የምትስቅ ሰው ናት። የሰጠችኝ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ እኔ የቁቤውን ፊደል እንደ ሕፃን በጣቴ እየተከተልሁ ስለማነብ ተዳክሜ ሳለ ትዕግሥቷ አለቀና ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችልኝ። አፉ ጠባብ የሸክላ ማሰሮ፣ እነርሱ ኦኮቴ የሚሉት፣ በተክሉ አጠገብ እስከ አንገቱ ይቀበራል፤ ውሃ ይሞላል፤ አፉ ይከደናል፤ ሸክላው በቀስታ ያልበዋል፤ ያ ላብ ብቻ ለተክሉ ይበቃዋል።

«ሥሩ ራሱ ውሃው ወዳለበት ይመጣና ይጠጣል፣ አባ ኮ» አለችኝ፤ አባቴ ማለቷ ነው። «ማንም አይጎትተውም።»

«ይህ መጽሐፍ ለባለቤቴ ነው» አልኋት፤ «ድሬዳዋ ናት።»

«እርስዎ እዚህ፣ እርሷ ድሬዳዋ?»

«ለጤናዋ ነው የሄደችው።»

«እርስዎስ ለምንዎ ነው የቀሩት?» አለችና ሳቀች። «በዚህ ዕድሜ መጽሐፍ ይልኩላታል? ሄደው አይቆፍሩላትም? የእኔ ባል እንዲህ ቢያደርግ መጽሐፉን በራሱ ላይ ነበር የምከድነው!»

ለዚህ ጥያቄ ከሄድሽ ጀምሮ ለጠያቂ ሁሉ የሰጠሁት መልስ አለኝ፤ «ግቢዋን ማን ይጠብቃል?» የሚል ነው። ትናንት ግን ያን መልስ ትቼ መጽሐፉን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ዱሬቲ ፊቴን አይታ ሳቋን ተወችና «ይቅርታ፣ አባ ኮ፤ አፌ ይቀድመኛል» ብላ መጽሐፉን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ እጄን ይዛ እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ። ዳናዊት በቁቤ የተማረች ናትና ታነብልሻለች፤ ሦስቱን አማርጥ ብትይኝ የማስቀድመው ይህን ቀጭኑን ነው።

ስለ ግቢሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ሐሰት ጽፌልሽ አላውቅም፤ ዛሬም አልጽፍልሽም፤ ዝም ባልሁበት ግን አንቺም ዝም ብለሽ እለፊ።

ቤቱ ቆሟል፤ ጣሪያውም አያፈስም። ከተማው መንገዱን እያሰፋ ነው፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ከእንግዲህ ልጆች ጭቃ ሳይነካቸው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ ይህም መልካም ነገር ነው። የመንገዱ መሐንዲስ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ጥዋት ለምኜው አንድ ጥዋት ሰጠኝ። ሰኞ ዕለት ነበር። ጎረቤታችን እታፈራሁ ዣንጥላ ይዛልኝ፣ እኔ ያንን ሁለተኛውን መጽሐፍ በፕላስቲክ ሸፍኜ በአንድ እጄ፣ መቀሱን በሌላው እጄ ይዤ፣ ከእያንዳንዱ ተክልሽ ቅርንጫፍ መጽሐፉ እንደሚለው ከቋጠሮው በታች አግድም እየቆረጥሁ፣ የታችኛውን ቅጠል እያራገፍሁ፣ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አቆምሁ።

«ጋሼ፣ ያ ደግሞ ተገልብጧል! ራሱን ወደ ታች ተከሉት!» አለችኝ እታፈራሁ።

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው ያለው።»

«መጽሐፉን ነው የገለበጡት!»

እውነትም ገልብጬው ነበር። ሳቅን፤ ማሽኑን ይዞ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው እንኳ ሳቀ። ማሽኑ ሥራውን ሲጀምር ግን አልሳቅንም። እታፈራሁ ዣንጥላውን አጥፋ በዝናቡ ውስጥ ቆመች፤ እኔ ግን ቆርቆሮዎቹን ወደ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝና መቆም አልቻልሁም።

ቆርቆሮዎቹ በመኝታ ቤቴ መስኮት ላይ ተሰልፈዋል። የመጻሕፍቱን መደርደሪያ ወደ ጓዳ አስወጥቼላቸዋለሁ፤ ብርሃን የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነውና። ብርሃን ደግሞ ሞልቷል፤ ቤቱ ከመቼውም ይልቅ ብርሃን በዝቶበታል፤ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ጥዋት ፀሐይ በፊት በር ገብታ እስከ ምግብ ጠረጴዛው ትደርሳለች፤ ከወንበሬ ሳልነሣ ወደ ጎሬ የሚሄዱትን አውቶቡሶች ሁሉ አያለሁ፤ ሾፌሮቹም ያዩኛል፤ አንዳንዶቹ በጥሩምባ ሰላም ይሉኛል። ወፎቹ ለጥቂት ቀን መጥተው ዞረው ሄዱ። በዚህ ነገር ላይ ሱፊያንን አትጠይቂው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ዐይኑ ነገር መያዝ አይችልም።

ከቆርቆሮዎቹ ብዙዎቹ መያዝ አለመያዛቸው ገና አልታወቀም። የጽጌረዳው ራሱን ደፍቷል፤ የጌሾው ተስፋ አለው። ትርንጎው ግን፣ ዳናዊት ክርስትና የተነሣች ዕለት የተከልሽው ትርንጎ፣ ትናንት ከኡካ ስመለስ ብርሃን ላይ አድርጌ ብመለከተው ከቋጠሮው አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ቀለሟ ገና ያልለየ፣ የምትወጣም የማትወጣም የምትመስል ነገር አየሁ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። እታፈራሁን ጠራኋት። እርስዋም ጎንበስ ብላ ተመለከተችውና «ይህስ እትዬ ሸዋርካብሽን ይመስላል፤ እልኸኛ ነው» አለችኝ። ትርንጎ ከሎሚ ዘመዶች አንዱ ነውና «የቆላ ጓሮ» ለድሬዳዋ ይሆናል ካላቸው ወገን ነው፤ በእርሳስ ያሰመርሁትም ስለዚሁ ነው።

ሱፊያን ቆርቆሮዎቹን ከሸቀጡ ጋር በጭነት መኪና ልውሰዳቸው ብሎኝ ነበር። ትርንጎ ከጨርቅ ጥቅልል መካከል አይጓዝም፤ በሰው ጭን ላይ እንጂ፤ ከዚህ እስከ ድሬዳዋ ባለው መንገድ ሁሉ የሚይዘው፣ ከፀሐይ የሚጋርደው፣ በየምሳ ቤቱ ውሃ የሚለምንለት ሰው ያስፈልገዋል ብዬ ከለከልሁት። እርሱም ነገሩ ሲገባው «ታዲያ ጋሼ፣ ግቢውን ማን…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተወው። የቤቱን ቁልፍ እታፈራሁ ትይዘዋለች። መጻሕፍቴን ጢማቸውን ላጭቻቸው በጓዳ ትቻቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም የሚላጫቸው የለምና ያብቅሉ።

ለሰኔ ሚካኤል መቱ እገባለሁ ያልሽውን ቃል ፈጽሞ አትፈጽሚውም። በዚያ ቀን ቤቱ ተዘግቶ ነው የሚቆየው።

እግዚአብሔር ሳንባሽን በዚያ ደረቅ አየር ያጽናልሽ፤ የጥዋቷን ፀሐይ መድኃኒት፣ የከሰዓት በኋላዋን ግድግዳ ጋሻ ያድርግልሽ፤ እጅሽን ዳግመኛ አፈር የሚወደው እጅ ያድርግልሽ፤ ዳናዊትንም በቤቷ ያክብራት። ጠብቅ ያልሽኝን እንዴት እንደ ጠበቅሁት፣ የቀረውንም በእጄ ይዤ ስመጣ አይተሽ ትፈርጂኛለሽ፤ እስከዚያ ድረስ ለቍጣሽም ለሳቅሽም የታዘዝሁ ባለቤትሽ ወልደ የሱስ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ከዳናዊት ቤት ግድግዳ በስተ ምሥራቅ፣ ቆፋሪ ቀጥረሽ፣ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፍሪ፤ አፈሩን አትመልሺው፤ እስክደርስ ክፍቱን ይቆየኝ።